የፕሌይስቴሽን 2 ያልተነኩ ጌሞች፦ ከኳስና ከጂቲኤ ሌላ ምን አለ?

ሜሞሪ_ካርድ ጻፈ፦

ሰላም ቤተሰብ። ባለፈው ሳምንት የእናቴን ቤት ልንቀባ ዕቃ ስናወጣ ቁም ሳጥን ላይ ያ ወፍራሙ ጥቁር ፕሌይስቴሽን 2 ተገኘ። ሰካሁት፣ ሠራ። ሲከፈት የሚያሰማውን ድምፅ ስሰማ ልጅነቴ በሙሉ መጣብኝ። ከጎኑ ስድስት ሲዲ ነበር። ሦስቱ ኳስ፣ አንዱ ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ፣ አንዱ ጎድ ኦፍ ዋር፣ አንዱ ደግሞ ተፍቆ ምን እንደሆነ የማይታወቅ። የብዙዎቻችሁም ቤት እንዲሁ ይመስለኛል።

ይህ ማሽን ከ155 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። በ2000 ወጥቶ ማምረት የቆመው በ2013 መጀመሪያ አካባቢ ነው። በሺዎች የሚቆጠር ጌም አለው፣ እኛ ግን አስር እንኳን ቆጥረን አንጨርስም። ለምን እንደሆነ ሳስበው ነበር የሰነበትኩት። አብዛኞቻችን ፕሌይስቴሽን የለመድነው ጌም ቤት ነው። ጌም ቤት የምትከፍለው በጨዋታ ነው፣ ከኋላህ አምስት ልጅ ወረፋ ይዞ ቆሟል፣ የተሸነፈ ይነሳል። እዚያ ቤት መኖር የሚችለው በአስር ደቂቃ ውስጥ አሸናፊው የሚለይበት ጌም ብቻ ነበር። ቀስ ብሎ የሚጀምር፣ ሴቭ (የደረስክበትን ማስቀመጥ) የሚፈልግ፣ ዝም ብለህ ብቻህን የምትጫወተው ጌም ገና ከበሩ ይመለሳል። አከፋፈሉ ነው ያስቀረብን እንጂ ጌሞቹማ ምን የመሰሉ ነበሩ።

እኔ ልጀምር። አይኮ ይባላል፣ የ2001 ጌም ነው፣ የሠራው ፉሚቶ ኡዌዳ የሚባል ጃፓናዊና ቡድኑ። ቀንድ ኖሮት የተወለደ ልጅ ነህ። የሰፈሩ ሰዎች ቀንድ ስላለው እርግማን ነው ብለው ሩቅ ቤተ መንግሥት ወስደው በድንጋይ ሣጥን ውስጥ ይዘጉበታል። እንደ ዕድል ሣጥኑ ይሰበራል። እዚያው በብረት ጎጆ ውስጥ የታሰረች ነጭ ልጅ ታገኛለህ፣ ዮርዳ ትባላለች። ቋንቋዋን አትሰማም፣ እሷም ያንተን አትሰማም። አር ዋንን፣ ጆይስቲኩ ቀኝ ጫፍ ላይ ያለውን ቁልፍ፣ ተጭነህ እጇን ትይዛለህ። ጌሙ በቃ ይኸው ነው፦ እጇን ይዘህ መውጣት። ጣትህን ካነሳህ እጇን ትለቃለህ፣ ብዙ ከራቅክ ጥላ የሚመስሉ ፍጥረቶች መጥተው ወደ ጨለማ ጉድጓድ ይጎትቷታል። መሣሪያህ እንጨት ነው። ስክሪኑ ላይ የሕይወት መስመር የለም፣ ነጥብ የለም፣ ካርታ የለም። ነፋስና የወፍ ድምፅ ብቻ። ሴቭ የምታደርገው የድንጋይ ሶፋ ስታገኝ ሁለታችሁም አብራችሁ ስትቀመጡ ነው።

ኳስ ላይ አር ዋን መሮጫ ነበር፣ እስኪሰበር ነው የተጫንነው። እዚህ ጌም ላይ ያው አር ዋን የሰው እጅ መያዣ ሲሆን ምን እንደሚሰማ በቃል አልነግራችሁም፣ ሞክሩት። አጭር ነው፣ ቅዳሜና እሁድ ይበቃዋል።

እናንተስ? ኳስ፣ ጂቲኤ፣ ጎድ ኦፍ ዋር አይቆጠርም። ስም ብቻ ጽፋችሁ አትለፉ፣ ለምን እንደወደዳችሁት ንገሩን።

የጎፋ_ልጅ ጻፈ፦

ወንድሜ ጥሩ ርዕስ ከፈትክ። ግን ጌም ቤት ኳስ ብቻ ነበር ያልከው ላይ አልስማማም። እኛ ሰፈር ኧርባን ሬይን ነበር። ናምኮ በ2005 ያወጣው የመንገድ ድብድብ ነው፣ ቴከን የሚባለውን የድብድብ ጌም የሠሩት ሰዎች ኩባንያ ማለት ነው፣ እንዲያውም የቴከኖቹ ፖልና ማርሻል ሎው እንግዳ ሆነው ይገባሉ። 100 ሚሽን አለው። ሰውን በጠርሙስ፣ በብረት፣ ባገኘኸው ትመታለህ፣ ሁለት ሆናችሁ ሁለት ትገጥማላችሁ። ይህን ጌም ውጪ አገር ሰው የሚያነሳው አይመስለኝም፣ እኔ ግን ዛሬም ቢሰጠኝ እስኪነጋ እጫወተዋለሁ።

ሌላው ጎድ ሃንድ። ከጎድ ኦፍ ዋር ጋር አታምታቱት። 2006፣ የካፕኮም ነው፣ ዳይሬክተሩ ሺንጂ ሚካሚ፣ ሬዚደንት ኢቭል 4ን የሠራው ሰውዬ። መከላከል የሚባል ቁልፍ የለም! በቀኝ አናሎግ (በአውራ ጣት በምትዘውራት ዱላ) ዘወር ብለህ ታመልጣለህ፣ አለቀ። የቡጢህን ቅደም ተከተል ራስህ ነህ የምትሠራው፣ ከመቶ በላይ ምት አለ፣ አንዱን አውጥተህ ሌላውን ታስገባለህ። ደግሞ ጎበዝ በሆንክ ቁጥር ጌሙ ይከብዳል። ስክሪኑ ጥግ ላይ ደረጃው 1፣ 2፣ 3 እያለ ይወጣል፣ ከዚያ በላይ ያለው ቁጥር የለውም፣ «ሙት» ነው የሚለው። ስትደበደብ ደግሞ መልሶ ይወርድልሃል። በጣም ከባድ ነው። የመጀመሪያው ስቴጅ ላይ ሁለት ቀን ቆይቻለሁ። ግን ሲገባህ እጅህ ራሱ ያስባል።

ቀለም_ወዳጅ ጻፈች፦

እኔ ጌም ቤት ገብቼ አላውቅም። ሴት ልጅ እዚያ በር ላይ ብትቆም እንኳ ሰፈሩ ሁሉ ያወራ ነበር። ወንድሜ ግን ቤት ውስጥ ነበረው፣ እሱ ትምህርት ቤት ሲሆን እኔ የከሰዓት ፈረቃ ስለነበርኩ ጠዋት ጠዋት ብቻዬን እጫወት ነበር። ስለዚህ ሜሞሪ_ካርድ የምትለው ወረፋ እኔን አልነካኝም፣ እኔ የደረሰኝ ዝም ያለ ቤትና ሦስት ሰዓት ነው። እድለኛ ነበርኩ ማለት ነው።

የእኔ ኦካሚ ነው። 2006። አማተራሱ የምትባል የፀሐይ አምላክ በነጭ ተኩላ መልክ ወርዳ የጠወለገ አገር ታድናለች። ሙሉው ጌም በቀለምና በብሩሽ ወረቀት ላይ የተሣለ ነው የሚመስለው። አንድ ቁልፍ ስትጫኑ ዓለሙ ይቆምና ወረቀት ይሆናል፣ ብሩሽ ይሰጣችኋል። ሰማይ ላይ ክብ ስትስሉ ፀሐይ ትወጣለች። ድልድይ ተሰብሮ ከሆነ የጎደለውን ቀብታችሁ ትሞሉታላችሁ። ጠላት ላይ አንድ መስመር ስታሰምሩ ለሁለት ይቆረጣል። የደረቀ ዛፍ ዙሪያ ክብ ሲሣል አበባ ይፈነዳል፣ እንዲያው አገሩ ሁሉ መስከረም ይሆናል። እንዲህ ያሉ 13 የብሩሽ ጥበቦች አሉ፣ አንድ በአንድ ነው የምታገኟቸው።

የሚያሳዝነኝ ነገር፣ ጌሙን የሠራው ክሎቨር የተባለው ስቱዲዮ ኦካሚ በወጣ በዓመቱ ተዘጋ። ሽልማት አገኘ፣ ገበያ ግን አላገኘም። የጎፋ_ልጅ፣ ያንተንም ጎድ ሃንድ የሠሩት እነሱ ናቸው። ሁለቱ ጌሞች በአንድ ዓመት ከአንድ ቤት መውጣታቸውን ሳውቅ በጣም ገርሞኛል። አንዱ ቡጢ፣ አንዱ አበባ።

ማስጠንቀቂያ፦ መጀመሪያ ላይ ወሬ ይበዛል፣ ብዙ ማንበብ አለ። ታገሡት። ከ30 ሰዓት በላይ የሚሄድ ጌም ነው፣ ለክረምት ይሆናል።

የድሮ_ጌም_ቤት ጻፈ፦

ልጆች፣ እኔ ራሴ ጌም ቤት ነበረኝ። አራት ቴሌቪዥን፣ አራት ማሽን፣ አንድ ጠባብ ክፍል። የተባለው እውነት ነው፣ ግን ከባለቤት ወገንም ስሙት።

ኳስ ስታስገባ ሒሳቡ ግልጽ ነው። ጨዋታ አለቀ፣ ብሩን አምጣ። ጂቲኤን በሰዓት ነበር የምሰጠው፣ ሁሌም ጭቅጭቅ ነው። «ጋሼ አምስት ደቂቃ ቀርቶኛል»፣ «መብራት የጠፋው የኔ ጥፋት ነው ወይ» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ መብራት ሲጠፋ ሴቭ ያላደረገ ልጅ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ሜሞሪ ካርዱ 8 ሜጋባይት ነው፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በአንድ ካርድ። አንዱ የአንዱን ሴቭ ያጠፋል፣ ድብድብ ይነሳል። መጨረሻ ላይ ካርዱን ነቅዬ ቤቴ ወሰድኩት። ያን ቀን ታሪክ ያለው ጌም ሁሉ ከቤቱ ወጣ ማለት ነው። ያኔ አልገባኝም ነበር፣ አሁን ይህን ሳነብ ነው የገባኝ።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። ማታ ዘግቼ ብቻዬን የምጫወተው አንድ ነበር፣ ሻዶ ኦቭ ዘ ኮሎሰስ። ልጁ ከፈረሱ ጋር ነው። ሰፊ ባዶ አገር፣ 16 ተራራ የሚያካክሉ ግዙፎች፣ ሌላ ጠላት የለም። ሰይፉን ወደ ፀሐይ ስታነሳው ብርሃኑ መንገድ ይጠቁምሃል። ትጋልባለህ፣ ትጋልባለህ፣ ማንም የለም። ከዚያ ግዙፉን ታገኘውና ፀጉሩን ይዘህ ትወጣበታለህ። አንዱን በገደልኩ ቁጥር ደስ ከማለት ይልቅ ቅር ይለኝ ነበር። ወድቆ ሲተኛ ሙዚቃው ያዝናል። እንዲህ ያለ ጌም ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም።

ሜሞሪ_ካርድ ጻፈ፦

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ፣ የካርዱ ነገር ልቤን ነው የነካው። እርስዎ ያነሱት ጌም የአይኮ ቡድን በ2005 ያወጣው ነው። እዚያም ግዙፉ ላይ ተንጠልጥለው ለመቆየት የሚይዙት በአር ዋን ነው፣ አስታወሱት? ጉልበትዎ ሲያልቅ ጣትዎ ባይለቅም ልጁ ይለቃል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ ጻፈ፦

ከሜሪላንድ ሰላምታ። እዚህ አሮጌ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ፕሌይስቴሽን 2 እስካሁን ይገኛል፣ ለወንድሞቼ ልኬያለሁ። ልትልኩ የምታስቡ ካላችሁ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ የአሜሪካው ወፍራሙ ማሽን በ120 ቮልት ነው የሚሠራው፣ አገር ቤት 220 ላይ በቀጥታ ከሰካችሁት ይቃጠላል። የመጀመሪያውን የላክሁት እንዲያ ነው የተቃጠለው፣ ትራንስፎርመር ይግዙ ሳልላቸው ቀረሁ። ሁለተኛ፣ የአሜሪካ ጌም ኤንቲኤስሲ በሚባል የቴሌቪዥን ሥዕል ሥርዓት ነው፣ አገር ቤት የነበሩት አሮጌ ቴሌቪዥኖች ግን ፓል የሚባለው ሌላው ሥርዓት ናቸው። አንዳንዱ ቴሌቪዥን ሥዕሉን ጥቁርና ነጭ አድርጎ ያሳያል። ልጅ ሆኜ «ይህ ጌም ቀለም የለውም» ብዬ የተውኩት አንድ ሲዲ ነበረ፣ ምክንያቱ ይህ እንደሆነ ያወቅሁት ከአሥር ዓመት በኋላ ነው።

የእኔ ምርጫ ካታማሪ ዳማሲ፣ 2004። ትንሽዬ ልዑል ነህ፣ ኳስ ታንከባልላለህ። ኳሷ የነካችው ሁሉ ይለጠፍባታል። መጀመሪያ መርፌና ማስቲካ፣ ከዚያ ብርቱካን፣ ከዚያ ድመት፣ ብስክሌት፣ ሰው፣ ላም፣ ቤት፣ መጨረሻ ላይ ደሴት። የምትጠቀመው ሁለቱን አናሎግ ብቻ ነው፣ ልክ ጋሪ እንደመግፋት። ሙዚቃው ከጭንቅላት አይወጣም። ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው፣ በአንድ ደቂቃ ነው የገባት። የመጀመሪያው ክፍል አውሮፓ አልወጣም፣ ስለዚህ ፓል ማሽን ያላችሁ ሁለተኛውን ዊ ላቭ ካታማሪ ፈልጉ።

ጥርት_ያለ_ሥዕል ጻፈ፦

በክብር ልቃወም። አንደኛ፣ እነዚህ ያልተነኩ ጌሞች አይደሉም። ሻዶ ኦቭ ዘ ኮሎሰስ በ2018 ለፕሌይስቴሽን 4 እንደ አዲስ ተሠርቷል። ኦካሚም በጥራት ተሻሽሎ ወጥቷል። ሁለተኛ፣ አሮጌው ማሽን ላይ ሻዶ ኦቭ ዘ ኮሎሰስ ይንተፋተፋል። ካሜራውም ያስቸግራል። ኮምፒውተር ያለው ሰው ፒሲኤስኤክስ2 ላይ (የፕሌይስቴሽን 2 ጌም በኮምፒውተር የሚያስኬድ ፕሮግራም ነው) ቢጫወት ሥዕሉ ሦስት እጥፍ ይጠራለታል። ለምን እንቸገራለን?

ሜሞሪ_ካርድ ጻፈ፦

ወንድሜ ስለመንተፋተፉ ልክ ነህ፣ ግዙፉ ሲነሳ ማሽኑ ያምጣል። 32 ሜጋባይት ሜሞሪ ባለው ማሽን ያን ማምጣታቸው ራሱ ይገርመኛል። ደህና ኮምፒውተር ያለው በኮምፒውተር ይጫወት፣ ማንም አይከለክለውም። እኔ የማወራው ግን ቤቱ ቁም ሳጥን ላይ ፕሌይስቴሽን 2 ላለው ሰው ነው። አዲሱን ለመግዛት የስንት ወር ደሞዝ ይጠይቃል፣ አሮጌው ግን አለ፣ ተከፍሎበታል። «ያልተነኩ» ስልም በዓለም አላልኩም፣ በእኛ ሰፈር ነው ያልኩት። አይኮ ምን እንደሆነ የሚያውቅ የክፍል ጓደኛ ነበረህ? እኔ አልነበረኝም።

ፒያሳ_ጥገና ጻፈ፦

ሥራዬ እነዚህን ማሽኖች መጠገን ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልርዳ።

«ሲዲ አላነብ አለ» ብላችሁ አትጣሉት። ውስጡ ለሲዲና ለዲቪዲ የተለያየ ጨረር ነው ያለው። አንዳንዱ ማሽን ዲቪዲ እምቢ ብሎ ከሥሩ ሰማያዊ የሆኑትን የሲዲ ጌሞች ያነባል፣ አንዳንዱ ተገላቢጦሽ። መጀመሪያ ሌንሱን በጥጥና በንጹሕ አልኮል ቀስ ብላችሁ ጥረጉ። ብዙ ጊዜ አቧራ ነው። አልኮል ስል የሚጠጣውን ወይም ሽቶ አይደለም፣ ፋርማሲ አለ። ሌንሱ ሥር ያለችውን ትንሽ ብሎን ደግሞ አትንኩ። እሷን አዙረው አቃጥለው የሚያመጡልኝ ብዙ ናቸው።

በፍላሽ የምትጫወቱ ካላችሁ፣ የማሽኑ ዩኤስቢ የድሮው ዘገምተኛ ዓይነት ነው። ጌሙ ይሠራል፣ መሃል ላይ የሚመጣው ፊልም ግን ይቆራረጣል። ያ የማሽናችሁ ብልሽት አይደለም። ወፍራሙ ማሽን ላይ ከኋላ ሃርድ ዲስክ መግጠም ይቻላል፣ ያ ይፈጥናል።

ጌም ካላችሁኝ ደግሞ ፍሪደም ፋይተርስ፣ 2003። ሶቪየት ኒውዮርክን ወርራ አንተ የቧንቧ ሠራተኛ ነህ። በየቦታው ጀግንነት ስትሠራ፣ ቁስለኛ ስታክም፣ ሰው ያምንሃል፣ እስከ 12 ተዋጊ ይከተልሃል። ደስ የሚለው፣ ቦታዎቹ በፍሳሽ ቱቦ ይገናኛሉ። አንዱ ሰፈር ሄሊኮፕተር ካስቸገረህ በቱቦ ወደ ሌላው ሰፈር ሄደህ ማረፊያውን ታፈነዳለህ፣ ከዚያ ተመልሰህ ትቀጥላለህ። መጨረሻ ላይ ሕንፃው ላይ ባንዲራ ትሰቅላለህ።

ማታ_ማታ ጻፈ፦

ሦስት ልጨምርና ልተኛ።

ቢዮንድ ጉድ ኤንድ ኢቭል፣ 2003። ጄድ የምትባል ፎቶ አንሺ ናት፣ ወላጅ አልባ ልጆችን ታሳድጋለች፣ አብሯት አጎቷ የምትለው አሳማ አለ። እንስሳ ፎቶ አንስታ ገንዘብ ታገኛለች፣ ከዚያ መንግሥት የሚደብቀውን ነገር በካሜራዋ ታጋልጣለች። ጠመንጃ የላትም፣ ዱላና ካሜራ ነው ያላት። ያኔ በገበያ ስለወደቀ ማንም አልሰማውም።

ዲዛስተር ሪፖርት። የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። አዲሱን ሥራህን ልትጀምር በሄድክበት ሰው ሠራሽ ደሴት ላይ መሬቱ ይናወጣል፣ ደሴቱም ይሰምጣል። ጠላትህ ሕንፃው ነው። ይጠማሃል፣ ቧንቧ ፈልገህ በጠርሙስ ውኃ ትቀዳለህ። ውኃ ተጠራቅሞ በሚጠጣበት ሰፈር ላደገ ሰው ይህ ጌም ሌላ ስሜት አለው፣ አንድም ቧንቧ ሳልሞላ አላልፍም ነበር። አውሮፓ የወጣው ኤስኦኤስ ዘ ፋይናል ኤስኬፕ በሚል ስም ነው፣ በዚያም ፈልጉት።

ሚስተር ሞስኪቶ። ቢንቢ ነህ። አንድ የጃፓን ቤተሰብ ቤት ትኖራለህ፣ ሳይነቃብህ ደም ትጠጣለህ። አጭር ነው፣ ከዚህ ሌላ የምትሠራው ነገር የለም፣ ግን እንዲህ የሚያስብ ሰው መኖሩ ደስ ይለኛል።

የቤቴል_ታላቅ_ወንድም ጻፈ፦

አንድ ጥያቄ። ታናሽ ወንድሜ አሥር ዓመቱ ነው፣ እንግሊዝኛ ማንበብ ገና ነው። ከነዚህ የትኛውን ላስጀምረው?

ቀለም_ወዳጅ ጻፈች፦

ካታማሪን። ሲለምድ አይኮን። አይኮ ላይ የሚያወሩት ቋንቋ የፈጠራ ነው፣ ዮርዳ የምትለው ለማንም አይገባም፣ ስለዚህ ወንድምህ ከማንም እኩል ነው የሚጀምረው። ኦካሚን ግን አብረኸው ተቀምጠህ አንብብለት። ለእኔ ወንድሜ እንዲያ ያደርግልኝ ነበር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ።

ደግሞ፣ የአውሮፓውን ወይም የጃፓኑን አይኮ ካገኘህ አንዴ ጨርሰህ እንደገና ስትጀምረው ሁለተኛ ጆይስቲክ ይሠራል፣ ወንድምህ ልጁን አንተ ዮርዳን መሆን ትችላለህ። ያን ጊዜ ዮርዳ የምትለውም ተተርጉሞ ይጻፋል።

የጎፋ_ልጅ ጻፈ፦

እሺ ተሸነፍኩ፣ አይኮን ዛሬ አስጀመርኩ። ግን ችግር አለ። ልጅቷ እጄን አትይዝም። እጠራታለሁ፣ ቆማ ታየኛለች። አር ዋን ሞቷል! ጆይስቲኩ ጌም ቤት ሲዘጋ የገዛሁት ነው፣ ለስንት ዓመት በኳስ የተሮጠበት። ጥላዎቹ ይዘዋት ሄዱ፣ እኔ ቆሜ አየሁ። በጣም ነው የከፋኝ።

ፒያሳ_ጥገና ጻፈ፦

ጆይስቲኩን ከኋላ ፍታው። አር ዋን ሥር ያለችው ጎማ ጥቁር ነጥብ አላት፣ እሷ ናት ያለቀችው። የላስቲክ ሽቦውን በአልኮል ጥረገው፣ ጎማዋን ደግሞ ከሌላ ከተሰበረ ጆይስቲክ አውጥተህ ቀይራት። ስትዘጋ ሽቦው እንዳይታጠፍ። ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። ካቃተህ አምጣው፣ አላስከፍልህም።

የድሮ_ጌም_ቤት ጻፈ፦

ልጄ፣ እኔ ዘንድ አንድ ካርቶን የተሰበረ ጆይስቲክ አለ። ጎማ ከፈለግህ ና ውሰድ። ሜሞሪ ካርዱም አለ፣ የሰፈሩ ልጆች ሴቭ እስካሁን በውስጡ ነው። አላጠፋሁትም።

የጎፋ_ልጅ ጻፈ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ትናንት መጥቼ ወስጄያለሁ፣ ቡናውንም አመሰግናለሁ።

ተሠርቷል። እጇን ይዤ ሁለት ክፍል አለፍኩ፣ ደረጃ ላይ ስሮጥ ጆይስቲኩ በእጄ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ የእውነት የሚጎተት ሰው ያለ ነው የሚመስለው። ከዚያ ሶፋው መጣ። ተቀመጥኩ፣ እሷም መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። ሴቭ ብዬ ገና እንደጨረስኩ ሰፈሩ በሙሉ መብራት ጠፋ።

ዛሬ ጠዋት ስከፍተው እዚያው ሶፋ ላይ ነበርን።

ሜሞሪ_ካርድ ጻፈ፦

የንፋስ ወፍጮው ጋ ስትደርስ ጻፍልኝ። እዚያ እኔም ተይዣለሁ።